ማካሮቬን በትንሽ ሽጉጥ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ የእህል ነጋዴ ነኝ። ፈቃድ የወጣበት ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። በዚህ ሙቀት ኮት መልበስ ስለማይቻል ሽጉጡ በስስ ሸሚዝ ስር ጎልቶ ይታያል፤ ወገቤንም እያሳመመኝ ነው። አንድ ወዳጄ ‹ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ ላግኝልህ› ይለኛል። ሌላው ደግሞ 15 ጥይት የሚይዝ ግሎክ ካልሆነ ዋጋ የለውም ባይ ነው። የትኛውን ልያዝ? ቤት ውስጥ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ።»

መልስ፦ ማካሮቩን አይቀይሩት። የሚቀየሩት ማኅደሩ (ሽጉጡ ወገብ ላይ የሚገባበት መያዣ)፣ ቀበቶውና ሽጉጡ ማታ ማታ የሚያድርበት ቦታ ናቸው። ይህን የምልዎት 20 ዓመት ያህል ለፖሊስ አባላት የሽጉጥ አያያዝ ሳስተምር፣ የነከሰ (ጥይት ተቀርቅሮበት አልተኩስ ያለ) እና የዛገ መሣሪያም ስጠግን ካየሁት ተነስቼ ነው። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት፤ ሌላ ሽጉጥ ለመምረጥ ያሰበ ሰውም የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነውና።

ከሁሉ በፊት ስለ መጀመሪያው ወዳጅዎ። «ላግኝልህ» የሚልዎት ሽጉጥ ከየት ነው የሚመጣው? በእጅዎ ያለው ፈቃድ መለያ ቁጥሩ ከተመዘገበው ከዚያ ማካሮቭ ጋር የታሰረ ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያልወጣበትን መሣሪያ መያዝም ሆነ የራስን መሣሪያ ተቆጣጣሪው አካል ሳያውቅ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ማካሮቩን ሰጥተው ትንሿን ቢቀበሉ፣ ጠዋት ሕጋዊ ባለ መሣሪያ ሆነው ከወጡበት ቤት ማታ በሁለት ጥፋት የሚጠየቁ ሰው ሆነው ይገባሉ። መለወጥ የግድ ከሆነ መንገዱ ፈቃዱን በሰጠዎ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በኩል ብቻ ነው።

ከሕጉ ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በድብቅ ከሚገቡት ትናንሽ ሽጉጦች መካከል ከመጀመሪያው ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ፣ በኋላ ግን አፈሙዛቸው ተቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ። አካላቸው ከብረት ሳይሆን ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ቅይጡ ደግሞ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲሸከም የታሰበ አይደለም። አንዱ በኤግዚቢትነት ተይዞ ለምርመራ እጄ ገብቶ ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጭረት እንኳ የለውም፤ ባለቤቱም የተኮሰበት 6 ጥይት ብቻ እንደሆነ በቃሉ ሰጥቷል። በብርሃን አዙሬ ሳየው ቀለህ (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ) ከሚወጣበት መስኮት ጥግ የተነሳ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወደ ላይ ሄዶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥይት ቢተኩስበት ኖሮ የላይኛው ክፍል ተሰብሮ ወደ ፊቱ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ እንምጣ። ማካሮቭ ከ1951 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሶቪየት ሠራዊት የታጠቀው ሽጉጥ ነው። ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ያለ ጥይት 730 ግራም ሲሆን 8 ጥይት ይይዛል። «ትልቅ ነው» ብለው የተማረሩበት ሽጉጥ በልኬት ሲታይ ትልቅ አይደለም። ለመታጠቅ እንዲመች ተብሎ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ግሎክ 43 እንኳ ርዝመቱ 159 ሚሊ ሜትር ነው፤ በርዝመት የሚያተርፉት 2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው ይሳሳል፣ በጣምም ይቀላል፤ ግን የሚይዘው 6 ጥይት ነው። ሁለተኛው ወዳጅዎ ባለ 15 ጥይት ያለው ግሎክ 19 ይመስለኛል። እሱ ከማካሮቭ በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፣ ትንሽም ይወፍራል። ባዶውን በእጅዎ ቢመዝኑት በእርግጥ ይቀላል፤ 15ቱን ጥይት ሲሞሉት ግን 8 ጥይት ከያዘው ማካሮቭ ይበልጣል። ስለዚህ በስስ ሸሚዝ ስር ለመደበቅ ብለው ግሎክ 19 ቢገዙ ችግሩን አባባሱት እንጂ አልፈቱትም።

ስለ ኪስ ሽጉጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመተኮስ ይከብዳል። ቀላል ሽጉጥ የጥይቱን ግፊት በክብደቱ ስለማያበርደው ወደ እጅ ይመልሰዋል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ስለሚቀራረቡ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ትልቅ ስሕተት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ዘወትር የሚለማመድ ሰው መሣሪያ ነው። እርስዎ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የሚውሉ ነጋዴ ነዎት።

ለእርስዎ ማካሮቭን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ግን ምላጩ (ለመተኮስ በጣት የሚሳበው) እና መቆለፊያው ናቸው። ማካሮቭ በግራ ጎኑ የአውራ ጣት መቆለፊያ አለው፦ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፣ የተነሳውን መምቻም (ጥይቱን የሚያስነሳውን መዶሻ) በሰላም መልሶ ያስተኛል፤ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ይሆናል። ከተከፈተም በኋላ መምቻው ተኝቶ ከሆነ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ሳያስቡት የሚሳብ አይደለም። ግሎክ ግን ከውጭ እንዲህ ያለ መቆለፊያ የለውም። መከላከያዎቹ ምላጩ መሐል ካለችው ትንሽ ምላስ ጀምሮ ወደ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ምላጩን የሳበው ጣትም ይሁን የሸሚዝ ጠርዝ ሽጉጡ አይለይም። ግሩም ሽጉጥ ነው፤ ያለ ጥሩ ማኅደርና ያለ ረጅም ልምምድ ግን አልመክረውም። ቶካሬቭ የተባለውን የድሮ የሶቪየት ሽጉጥ የሚያስቡ ካሉ ደግሞ፣ እንደ ጥንቱ የተሠራው ቶካሬቭ መምቻውን ግማሽ መንገድ ላይ ከማቆም በቀር የተለየ መቆለፊያ የለውም። ጥይት አጉርሶ በወገብ ይዞት መዞር አደጋ ነው።

ስለ ጥይት አንድ ነገር ይወቁ። «9 ሚሊ» የሚባለው ጥይት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የማካሮቭ 9 በ18 ነው (የእርሳሱ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ሲጠራ)፤ ከላይ ያነሳኋቸው ግሎኮችና የብራውኒንግ ሃይ ፓወር ሽጉጥ 9 በ19 ነው። የማካሮቩ እርሳስ (ተወንጭፎ የሚሄደው ጫፍ) በጥቂቱ ይወፍራል፣ ቀለሁ ያጥራል። አንዱ በሌላው ሽጉጥ አይተኮስም። «9 ነው፣ ይሆናል» ተብሎ በእጅ የተሰጠ ጥይት ካለዎት ከቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ሳያዩና ካለዎት ጋር ሳያስተያዩ ካዝና (ጥይት የሚደረደርበት የሽጉጡ ክፍል) ውስጥ አያስገቡት።

የጥይት ብዛት ነገርስ? 15 ጥይት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። እርስዎን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው፤ ሕጋዊ መከላከል የሚለው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ። ከመጠን ካለፈ ወደ አንቀጽ 79 ይገባሉ፤ እዚያ ቅጣት ይቀልልዎ ይሆናል፤ ከቅጣት ነጻ መውጣትዎ ግን የተረጋገጠ አይደለም። መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ በተኮለኮለበት፣ ሴቶች ጀበናቸውን ጥደው በተቀመጡበት መንገድ ላይ ዒላማውን የሳተ ጥይት የቆርቆሮ አጥር አያቆመውም። የሚያርፍበት ሰው እርስዎን የማያውቅ፣ ምንም ያልበደለዎት ሰው ነው። ከ15 የሳቱ ጥይቶች አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ይሻላል።

በዚህ ላይ ደግሞ ያልጠየቁኝን ልናገር፦ ሽጉጡን የሚታጠቁት የእህል ሽያጭ ገንዘብ ስለሚይዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ገንዘቡን ከወገብዎ ያራግፉ። በባንክ ዝውውር ወይም በቴሌብር የሚከፈል ሒሳብ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መሄድ ቀርቷል። ከእጅዎ ብር የሚነጥቅዎ ሰው ካጋጠመዎም ብሩን ይስጡት። ሽጉጡ ነፍስዎ ወይም የሌላ ሰው ነፍስ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ የሚነሳ ነው፤ ለጤፍ ሒሳብ የሚነሳ አይደለም።

አሁን ወደ ማኅደሩ ልሂድ፤ ዋናው መፍትሔዎ ያለው እዚህ ነው። ከአጻጻፍዎ እንደገመትኩት ሽጉጡን ወይ እንዲሁ ወገብዎ ላይ ሻጥ ያደርጉታል፣ ወይ ደግሞ በላላ የቆዳ ከረጢት ይይዙታል። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። የማውቀው አንድ ሰው እንዲሁ ሻጥ አድርጎ ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ ሽጉጡ ወደ ታች ተንሸራተተበት። ሊይዘው እጁን ሰደደ፤ ጣቱ ያረፈው ምላጩ ላይ ነበር። ባረቀበትና የገዛ ጭኑን አቆሰለው። አጥንቱን ስላልነካው ዳነ፤ እስከ ዛሬ ግን ደረጃ ሲወጣ እግሩን ይጎትታል። የላላው ከረጢት ደግሞ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይጨፈለቃል። ሽጉጡን መልሰው ሲከቱ የታጠፈው ቆዳ ወደ ምላጩ ክብ ገብቶ ራሱ ይስበዋል።

አዳማ ጥሩ የቆዳ እጅ ያላቸው ጫማ ሠሪዎች አሉ። እኔ የማሠራው እንዲህ ነው። ሽጉጡን ለማንም አልተውም፤ ከዋንዛ እንጨት የማካሮቭን ቅርጽ በትክክለኛ ልኩ ጠርቤ እሱን እሰጣለሁ። ቆዳው ለጫማ ፊት የሚውለው ለስላሳው ሳይሆን ለሶል የሚውለው ጠንካራው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይሁን። ሠሪው ከሰፋው በኋላ በለብ ያለ ውኃ ያረጥበውና የእንጨቱን ቅርጽ ይከትበታል። ከዚያ በጣቱና በአጥንት ማለስለሻ ከላይ እየተጫነ የምላጩን ክብ፣ የመቆለፊያውን ጉብታ ሁሉ ያወጣበታል። ቆዳው እርጥብ እያለ የእንጨቱ ጠርዝ ከውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። የሚደርቀው በጥላ ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። አፉ ዙሪያ ሁለተኛ የቆዳ ድርብ ይሰፋበታል፣ ሽጉጡ ወጥቶም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ። የምላጩ ክብ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሲያልቅ ሽጉጡን ባዶ ያድርጉት፣ ባዶነቱንም ሦስት ጊዜ ይዩ፤ ከዚያ ማኅደሩ ውስጥ ከተው ፍራሽ ላይ ገልብጠው ያራግፉት። ከወደቀ ሥራው አላለቀም።

ቀበቶዎንም ይመልከቱ። የወገብ ሕመሙ የመጣው በስስ ቀበቶ ላይ ከተንጠለጠለው ክብደት ይመስለኛል። ቀበቶው ሲሳብ ሽጉጡ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ እጀታው ጎን ይወጋል፤ እርስዎም ሳያውቁት አካልዎን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላሉ። ከላይ እስከ ታች የማይታጠፍ፣ ድርብ ቆዳ ያለው ሰፊ ቀበቶ ይግዙ። ሽጉጡ ከቀኝ ዳሌ አጥንትዎ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከሱሪው ውስጠኛ በኩል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ እጀታው በትንሹ ወደ ፊት ያዘንብል። አከርካሪዎ ላይ በቀጥታ አያድርጉት፤ ከወደቁበት አጥንትዎን ይጎዳል።

ሽጉጥን የሚያጋልጠው አፈሙዙ እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ እሱ ሱሪ ውስጥ ነው። የሚያጋልጠው ጎንበስ ሲሉ ሸሚዙን የሚወጥረው የእጀታው ተረከዝ ነው። ከላይ እንዳልሁት አጋድሎ የሚቀመጥ ማኅደር ይህንን ግማሹን ይፈታል። የቀረውን ሸሚዙ ይፍታው፦ ከሱሪ ውጭ የሚለበስ፣ ከልክዎ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ወይም ዥንጉርጉር። ነጭ ስስ ሸሚዝ በአዳማ ፀሐይ ምንም አይደብቅም። የእህል ጆንያ ለማንሳት ከወገብ አይጎንበሱ፣ በጉልበትዎ ይቀመጡ። ደግሞም እባክዎ በየደቂቃው አይንኩት። ልምድ ያለው ዐይን ታጣቂን የሚለየው ክርኑን ወደ ጎኑ እየመለሰ ሲደባብስ አይቶ ነው።

ላብና አቧራ የአዳማ ባለ ሽጉጥ ሁለት ጠላቶች ናቸው። ከከተማው ዙሪያ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ነፋስ የሚያነሳው ደቃቅ አቧራ ሸሚዝ አይከለክለውም። አንድ ነጋዴ «ነከሰብኝ» ብሎ ያመጣልኝን ማካሮቭ ፈትቼ ነበር። ዘይት በዝቶበት፣ ዘይቱ ላይ የዱቄት ብናኝና አቧራ ተለውሶ ውስጡ እንደ አብሲት ሆኖ ነበር። ሽታው ግራ ሲያጋባኝ ጠየቅሁት፤ የቀባው የምግብ ዘይት ነበር። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የመሣሪያ ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፣ ከቀቡም በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በጣት ሲነኩት ለስላሳ እንጂ እርጥብ መሆን የለበትም። በሰውነትዎ በኩል ያለውን ጎኑን ማታ ማታ ከላብ ያጽዱ። ካዝናውንም ይፈትሹ፦ ከላይ ያሉት ሁለቱ ከንፈሮቹ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ወድቀው ከተጣመሙ፣ ሽጉጡ ምንም ጥሩ ቢሆን ይነክሳል።

አሁን ስለ ልጆቹ። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ብጽፍ ይቅር ይበሉኝ። ከቁም ሳጥን በላይ፣ ከፍራሽ ስር፣ ከትራስ ስር፣ ከልብስ ሻንጣ ውስጥ፤ ወላጆች «ልጅ አይደርስበትም» የሚሉትን ቦታ ሁሉ ልጆች ከወላጆቻቸው በፊት ያውቁታል። የ11 ዓመት ልጅዎ የት እንደሚያስቀምጡት ዛሬ ቢጠየቅ ሳይነግርዎ አይቀርም። ግድግዳ ላይ በቡሎን የታሰረ፣ ቁልፉ ከእርስዎ አንገት የማይለይ የብረት ሳጥን ያሠሩ፤ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ማታ ሲያወልቁት ቅደም ተከተሉን አይሳቱ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን። መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ። ቀጥሎ መቆለፊያውን ወደ ታች ያውርዱ፤ ማካሮቭ ተቆልፎ ሳለ ላይኛው ክፍል አይሳብም። ከዚያ ወደ ኋላ ስበው የጎረሰውን ጥይት ያስወጡ፣ ጉሮሮውን (ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ) በዐይንዎም በጣትዎም ይፈትሹ። ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው፣ ማለትም መጀመሪያ ስቦ በኋላ ካዝናውን ያወጣ፣ አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሁለተኛውን አጉርሷል። ካዝናው በእጁ ስላለ ግን ባዶ ይመስለዋል። «ባዶ ነው» ተብለው የባረቁ ሽጉጦች ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

መጠጥ የሚቀርብበት ቦታ በሚሄዱበት ቀን ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። ሠርግ ላይም እንዲሁ፤ ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም። ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍተሻ እንዳለ ስለሚያውቁ፣ እዚያ ጉዳይ ባለዎት ቀን ቤት ይተዉት እንጂ መኪና ውስጥ አይተዉት። መንገድ ላይ ፖሊስ ካስቆመዎ እጅዎን መሪው ላይ አድርገው «ሽጉጥ ታጥቄአለሁ፣ ፈቃዴ በዚህኛው ኪሴ ነው» ይበሉ። «እነሆ» ብለው ሽጉጡን ለማሳየት ግን እጅዎን አይስደዱ።

አንድ ነገር አልጻፉልኝም፦ ግራኝ ነዎት? እስካሁን ያልሁት ሁሉ በቀኝ እጅዎ እንደሚይዙት አድርጌ ነው። የማካሮቭ መቆለፊያ በግራ ጎኑ ብቻ ስላለ ለቀኝ እጅ አውራ ጣት የተመቸ ነው፤ ግራኝ ሰው ሲጣደፍ አያገኘውም። እንዲያ ከሆነ ምክሬ ይለወጣል፤ ፈቃዱን ወደ ሰጠዎ ጽሕፈት ቤት ሄደው በሕጋዊ መንገድ ስለ መለወጥ ይጠይቁ። እስከዚያው ግን ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ ይዋል።